ከአርባ ስድስት ቀጥሎ አርባ ስምንት

ጥሪው የመጣው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደዋይዋ ወጣት ሴት ነበረች። «የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ውስጥ ሰው ወድቋል፤ ጭንቅላታቸው እየደማ ነው፤ እባካችሁ ቶሎ በሉ!» አለች። ተረኛው ፖሊስ ማን እንደሆነች ሲጠይቃት ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የተደወለው ከዚያው፣ ቤተ መዛግብቱ ጠረጴዛ ላይ ካለው ስልክ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አምቡላንሱ ተጎጂውን ይዞ ሄዷል። ክፍሉ ከምድር በታች ነው። ከጣሪያው ሥር ካሉት ጠባብ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን የመንገደኛ እግር ባለፈ ቁጥር ይቆራረጣል። የብረት መደርደሪያዎች እስከ ጣሪያ ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ ረጅም የንባብ ጠረጴዛ አለ። ባለጎማው መሰላል በጎኑ ተጋድሟል። የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል። አንድ የካርቶን ሣጥን ተገልብጦ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ ከወረቀቱ ራቅ ብሎ ደግሞ የሹራብ ቁልፍ ወድቋል።

«ተናንቀዋል» አለ ሳጅኑ፣ ቁልፉን በጠመኔ እየከበበ። «ያዘው፣ ገፋው፣ ወደቀ። በቃ።»

«አጎቴ፣ ገና መግባታችን እኮ ነው።»

«ልምድ ነው እህቴ።»

ጣቢያው በሙሉ ሳጅኑን «አጎቴ» ነው የሚለው። ጡረታው ደርሷል። ሰው ፊት «ኢንስፔክተር» ይላታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ «እህቴ»። እሷም አለቃው ብትሆን አንድ ቀን አንተ ብላው አታውቅም።

ዞር ዞር ብላ አየች። በሩ አልተሰበረም። የበሩ ቁልፍ ከነመያዣው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ አንድ የሻይ ፔርሙዝና ሁለት ብርጭቆ አለ። ፔርሙዙን ከፍታ አሸተተች፤ ሻዩ ገና ትኩስ ነው። ብርጭቆዎቹ ግን ሁለቱም ደረቅ ናቸው።

«እንግዳ እየጠበቁ ነበር» አለች።

«እንግዳውም መጣ፣ ጉድ ሠራቸው።»

የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ ከኳስ ሜዳ ተጠርቶ በቁምጣ እየሮጠ ገባ። ተጎጂው የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ እንደሆኑ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት እዚሁ እንደሠሩ፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ መዝገብ» እንደሚላቸው እያለከለከ ነገራት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ዝግ ነው። ለምን እንደመጡ አያውቅም።

«የተበተነው ፋይል የምንድን ነው?»

ኃላፊው አጎንብሶ ሽፋኑን አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ። «የማደሪያው ሞት የምንለው ነው። ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት የመምህራን ማሠልጠኛው ማደሪያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች በአንድ ወር አለቁ። ሆድ በሽታ ነበር። የወጥ ቤት ኃላፊዋ የተበላሸ ሥጋ አብልታ ነው ተብላ ተፈረደባት። እስር ቤት እያለች ሞተች።»

«የጎደለ ካለ ቁጠርልኝ።»

ወረቀቶቹ በሰማያዊ እርሳስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ኃላፊው ሰብስቦ፣ ደርድሮ፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ቆጠረ። ሲጨርስ ትከሻውን ሰበቀ። «ምንም አልተወሰደም። ከአርባ ስድስት ቀጥሎ አርባ ስምንት ነው፤ አርባ ሰባት ግን ከጥንትም የለም። እኔ ስቀጠር እንዲሁ ነው የተረከብኩት።»

«ይህን ፋይል ማን ያነበዋል?»

«ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ ስለ ነገሩ መጽሐፍ የጻፉት ፕሮፌሰር ናቸው። ሌላዋ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን የምትሠራ ተማሪያቸው ናት። ስምንት ወር ሙሉ ከዚህ ወንበር አልተነሳችም። ጋሼ መዝገብ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።»

የግቢው ዘበኛ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ እየሮጠች የወጣች ልጅ አይቷል። ፊቷን አላየም፤ ሩጫዋን ግን አይረሳውም። «ውሻ ያባረራት ነው የምትመስለው» አለ።

ሐኪሙ ስልክ ላይ ብዙ አልተናገረም። ተጎጂው ራሳቸውን አያውቁም፤ ይተርፉ ይሆናል፣ ላይተርፉም ይችላሉ። «ተገፍተው ነው ወይስ ወድቀው?» ስትለው፣ «ቁስሉ የሚነግረኝ ጠረጴዛው እንደመታቸው ብቻ ነው» አላት።

ፕሮፌሰሩን ቢሯቸው አገኟቸው። የአንድ ተማሪን ጽሑፍ ሲገመግሙ ውለው አሁን መውጣታቸው ነበር፤ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ከአራት መምህራን ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የጋሼ መዝገብን ነገር ሲሰሙ ኮታቸውን ግማሹን እንደለበሱ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

«ትናንት ከእሳቸው ጋር ኮሪደር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷል» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ነኝ የጮህኩት» አሉ ደርቀው። «አስቁሞ ‘ፕሮፌሰር፣ ሰው የጻፈው መጽሐፍ ስሕተት ቢሆን ያርመዋል?’ አለኝ። ተማሪዬ የላከችው መሰለኝ። የእሷ ጽሑፍ የኔን መጽሐፍ ለማፍረስ ነው የተነሳው። ሥጋው ሳይሆን የጉድጓዱ ውሃ ነው የገደላቸው ትላለች። ማስረጃሽን አምጪ እላታለሁ፤ የላትም።»

«መጥፎ ተማሪ ናት?»

«በአሥር ዓመት አንዴ የምትገኝ ናት። ችግሯ መልሱን በኪሷ ይዛ መምጣቷ ነው። ጥያቄው ሲጠየቅ መልሱ አስቀድሞ ካለ፣ እሱ ምርምር አይባልም።»

መኪና ውስጥ ሳጅኑ ከንፈሩን መጠጠ። «እሳቸው አልሠሩትም። ለልጅቷ ግን መጥፎ ነገር ተናገሩ።»

ልጅቷ ዶርም ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ቀጭን ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አልጋዋ ላይ ከልብስ ይልቅ ወረቀት ይበዛል። ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደዋለች ስትጠየቅ «እዚሁ፣ እያነበብኩ» አለች። ማን አይቷታል? ማንም አላያትም። ጋሼ መዝገብ ሲባል ቀና አለች። «ተሻላቸው?» ብላ ጠየቀች።

ኢንስፔክተሯ እስካሁን ስለ ጉዳት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ማስታወሻዋን ዘጋች። «ነገ ጠዋት ጣቢያ ትመጫለሽ» ብላት ወጣች።

ሳጅኑ ግን በዚያው አላደረም። እሑድ ጠዋት አንድ የድሮ የፍርድ ቤት ግልባጭና የልጅቷን የዩኒቨርሲቲ ቅጽ ጎን ለጎን አድርጎ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋላት። «ጠጋ በይ። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ስትታሰር የስምንት ዓመት ሴት ልጅ ትታለች። የዚያችን ልጅ ስም አንብቢው። አሁን ደግሞ ተማሪዋ ‘የእናት ስም’ ብላ የሞላችውን አንብቢ።»

አነበበች። አንድ ነው፤ የአያት ስሙ ሳይቀር።

«የልጅ ልጇ ናት» አለ ሳጅኑ። «ለአንድም ሰው አልተናገረችም።»

ልጅቷ ስትመጣ ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ወረቀቶች ወደ እሷ ገፋ አደረገች። ልጅቷም አነበበቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች።

«እናቴ ስድሳ ዓመቷ ነው። ባለሙያ ናት፤ እጇ ይጣፍጣል። ግን ለቅሶ ቤት ምግብ ይዛ ሄዳ አታውቅም። አንዴ ሄዳለች አሉ፣ ሳልወለድ። ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰላት። የመራዧ ልጅ ናታ! ለፕሮፌሰሩ ይህን ብነግራቸው ጽሑፌን ያነቡልኝ ነበር? ‘የቤተሰብ ቂም ነው’ ብለው ይመልሱልኛል።»

«ቅዳሜ እዚያ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። ‘ዘጠኝ ሰዓት ነይ፣ የማሳይሽና የምነግርሽ ነገር አለኝ’ አሉኝ። ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው። መጀመሪያ ደወልኩ። እናቴ ትሙት፣ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናንተ ነው! ከዚያ ቁስላቸውን በሻርፔ ልይዝ ስጎነበስ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ያለ ወረቀት አየሁ። ጫፉ ላይ በሰማያዊ እርሳስ አርባ ሰባት ይላል።»

ቦርሳዋን ከፈተች። ከደብተር መካከል አንድ ወረቀት አውጥታ በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እየደሙ ኪሳቸው ገባሁ። እሱን አልክድም።»

ወረቀቱ አራት ቦታ የታጠፈ ነው። ከውሃ አገልግሎቱ ቤተ ሙከራ ለማደሪያው ዳይሬክተር የተጻፈ ነው፦ የማደሪያው ጉድጓድ ከፍሳሽ መስመር ጋር መገናኘቱ በምርመራ ስለተረጋገጠ ይህ ደብዳቤ በደረሰ ሰዓት እንዲዘጋ በጥብቅ እናሳስባለን። የተጻፈበት ቀን የወሩ ሦስተኛ ቀን ነው። ከግርጌው «በተላላኪ ቁጥር 9 እጅ» ይላል። ኢንስፔክተሯ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ልብስ መካከል የሚደረገውን የብል ኪኒን ይሸታል።

ፕሮፌሰሩ ተጠርተው ሲያዩት ፊታቸው በቁጣ ቀላ። «የፈጠራ ነው! ይህን ፋይል ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። አሁን፣ ጽሑፏ ሊቀርብ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከሰማይ ወረደ?»

ከሄዱ በኋላ ሳጅኑ እጁን አጣመረ። «ግልጽ ነው እህቴ። ወረቀቱን ራሷ ሠራችው። ፋይሉ ውስጥ ልታስገባ ስትል ሽማግሌው ደረሱባት፤ ገፈተረቻቸው። እስሪያት።»

«ሻዩንስ ለማን አመጡት?»

«እኔ የሻዩን አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። እስካውቅ ድረስ አላስራትም። ከከተማ እንዳትወጣ ይነገራት።»

ሰኞ ጠዋት የደንብ ልብሷን ስትተኩስ ልቧ እዚያው ወረቀት ላይ ነበር። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ወንበር ላይ ሆነው አተኳኮሷን ይቆጣጠራሉ፤ እሳቸው ሳያዩት አንድ ሸሚዝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

«ይሄኛው ውሃ ነክቶታል» አሉ፣ አንገትጌውን እየነኩ።

«ደርቋል እኮ እማዬ።»

«ቢደርቅስ? ጠርዙን አታዪም? ውሃ የደረሰበት ድረስ መስመር ሠርቷል። አጠገቡ ያለውን ሸሚዝ እዪ፤ እሱም አብሮ ርሶ ነበር፣ እሱም መስመር አለው።»

ኢንስፔክተሯ ካውያውን አቆመች። ሸሚዙን አየች። ከዚያ ለብሳው፣ እየቆለፈችው ወጣች፤ እናቷ «ኧረ ቁርስሽን!» እያሉ ከኋላ ቀሩ።

ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ኃላፊውን፣ ፕሮፌሰሩንና ሳጅኑን አቆመቻቸው። ፋይሉን ዘርግታ አርባ ስድስትንና አርባ ስምንትን ጎን ለጎን አኖረች።

«ይህ ቡናማ መስመር ምንድን ነው?»

«የጎርፉ ነው» አለ ኃላፊው። «ከሃያ ዓመት በፊት ዝናብ ገብቶ የታችኛው መደርደሪያ በሙሉ ረጥቧል። ይህ ፋይል ያኔ እዚያ ነበር። ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመሩ አለ።»

አርባ ሰባትን በመካከላቸው አስገባች። ወረቀቱ ላይ መስመሩ የለም።

«ይኸው!» አሉ ፕሮፌሰሩ። «አዲስ ነው አላልኩም?»

«አንድ ደቂቃ ፕሮፌሰር።» ጣቷን ወደ ማዕዘኑ ወሰደች። «ድሮ ወረቀት በስፒል ነበር የሚያያዘው። ስፒሉ ዝጎ አርባ ስድስት ላይ ይህን ምልክት ትቷል። አርባ ስምንት ላይም ያው ምልክት አለ። አሁን አርባ ሰባትን ይዩት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አጎነበሱ። ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ በመካከላቸው የዝገት ጥላ፤ ከላይኛውም ከታችኛውም ወረቀት ጋር ልክ ይገጥማል።

«ስፒሉ ሲዝግ ይህ ወረቀት እዚህ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጎርፉ ሲመጣ ግን አልነበረም። ልጅቷ በጎርፉ ጊዜ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። እሷ አልሠራችውም፤ እሷ አልወሰደችውም።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ከጎርፉ በፊት ፋይሉን ያወጣ ሰው…» ብሎ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ።

«እሱንም አስቤያለሁ» አለች። «ግን መጽሐፋቸውን ትናንት አንብቤዋለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው የታተመው። የግርጌ ማስታወሻው ላይ ‘ቁጥር አርባ ሰባት ከፋይሉ ጠፍቷል’ ይላል። የወሰደ ሰው መወሰዱን አሳትሞ አያወጣም። እሳቸው ሲደርሱ አልነበረም።»

ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቁጣቸው ወዴት እንደሄደ እንጃ። «ጠፍቷል ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ይሆን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።»

 ከፕሮፌሰሩ በፊት ይህን ፋይል ሊነካ የሚችል፣ ዛሬም በእጁ የቤቱ ቁልፍ ያለ፣ ማን ቀረ? ሁሉም በልቡ አንድ ሰው ላይ ደረሰ።

ኢንስፔክተሯ መሰላሉን አቁማ ወጣች። ሳጥኑ ይቀመጥበት ከነበረው ከላይኛው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ አንድ የሾለ ብሎን ወጥቷል። ብሎኑ ላይ ግራጫ የሹራብ ክር ተንጠልጥሏል።

«አጎቴ፣ የሹራቡን ቁልፍ የበጠሰው የሰው እጅ አይደለም።»

ጋሼ መዝገብ ከታላቅ እህታቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። እህትየዋ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ውለው ልብስ ሊቀይሩ መጥተዋል። ኢንስፔክተሯን ሲያዩ «ሞተ?» አሉ፣ በሩን እንደያዙ።

«ኧረ አልሞቱም እትዬ። ትንሽ ልጠይቅዎት ነው።»

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከወንድማቸው አልጋ ሥር አንድ ሣጥን አለ። እትዬ ሲከፍቱት ያ ሽታ ወጣ፤ የብል ኪኒኑ። ከላይ አንድ የድሮ ቆብ ተቀምጧል፤ ግንባሩ ላይ የተሰፋ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ 9 ቁጥር።

«የአባታችን ነው» አሉ እትዬ። «የውሃ አገልግሎቱ ተላላኪ ነበር። ደህና ሰው ነበር፣ ሳቂታ። እነዚያ ተማሪዎች ያለቁ ጊዜ ሥራውን ተወ። ለምን እንደሆነ ለእኛ ነግሮን አያውቅም። እስኪሞት ድረስ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር።»

«በዚያ ወር ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ነበር?»

«ያንን ማን ይረሳል! ወንድሜ ማጅራት ገትር ያዘው። የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እናታችን ሞታለች፤ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ታናናሾቼን እይዛለሁ። አባቴ ሆስፒታል ገብቶ ከልጁ አልጋ ሥር አልተነሳም። ሦስት ሳምንት! ይሞታል ሲሉት ልጁ ተረፈ። ግራ ጆሮውን ብቻ ይዞበት ሄደ። እስከ ዛሬም ከፍ ያለ ቦታ ሲወጣ ይዞርበታል። መሰላል አትውጣ ስለው ይሰማኛል ብለሽ?»

ኢንስፔክተሯ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አወጣች። የተጻፈበትን ቀን ደጋግማ አይታው ነበር፤ አሁን ደግሞ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ቀለሟ የገረጣ ክብ ማኅተም በመስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። ደብዳቤ ሲደርስ የሚመታው የማደሪያው የገቢ ማኅተም ነው። ቀኑ ሃያ አራት ይላል።

ሦስት ላይ ተጻፈ፤ ሃያ አራት ላይ ደረሰ። ፋይሉ እንደሚለው የመጀመሪያው ተማሪ የታመመው አሥራ አንድ ላይ ነው። የመጨረሻው የተቀበረው ሃያ ሁለት ላይ።

 ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ መዝገብ ዓይናቸውን ገለጡ። ኢንስፔክተሯ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልጅቷን አሰራችኋት?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው።

«አላሰርናትም።»

«አልነካችኝም። ማንም አልነካኝም። ሳጥኑን ሳወርድ ዞረብኝ፣ ሹራቤ ያዘኝ፣ ከዚያ አላውቅም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ደብዳቤውንም አውቃለሁ። ቁጥር ዘጠኝን አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ጣሪያውን አዩ። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። «አባቴ ሊሞት ሲል ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ከቢሮ ተቀብሎ ሲወጣ ጎረቤት ሮጦ መጣ፤ ልጅህ ራሱን ስቷል አለው። በዚያው ሄደ። ደብዳቤውን ያስታወሰው እኔ ተሽሎኝ ዳቦ ስጠይቅ ነው። በዚያን ቀን ወስዶ ሰጠ። አልቀው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ልጅ… በእኔ ነፍስ የተለወጡ መስሎኝ ነው የኖርኩት። እዚህ የተቀጠርኩት ፈልጌ ነው። በሁለተኛው ወር አገኘሁት። ላቃጥለው ክብሪት ለኮስኩ፤ የእሱ የመጨረሻ ሥራ ነው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።»

«ለምን አሁን መለሱት?»

«ስምንት ወር ከፊቴ ተቀምጣ ፈለገቻ! በየቀኑ ‘ጋሼ፣ አርባ ሰባት የት ይሆን?’ ትለኛለች። ሳቀብላት የነበረው ግን ሌላ ሌላውን ወረቀት ነው። አንድ ቀን ምሳዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። ‘እናቴ ናት የሠራችው፣ ይቅመሱ፤ የሚቀምስላት ሰው የለም’ አለች። ያኔ የማን ልጅ ልጅ እንደሆነች ገባኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።»

ኢንስፔክተሯ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ሪፖርቷን ጻፈች። ጥቃት አልተፈጸመም፤ አደጋ ነው። ሰነዱን ከፋይል ማውጣታቸውን ግን አልደበቀችም፤ ለዐቃቤ ሕግ በሚሄደው ላይ እንዳለ አሰፈረችው። ስትጨርስ ልጅቷ ከደረጃው ብቅ አለች። ሳጅኑ ነበር ያመጣት፤ ከኋላዋ የፖሊስ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። «እስሪያት» ብሎ የነበረውን አልረሳውም መሰል።

ጋሼ መዝገብ ለልጅቷ ሁሉንም ነገሯት። አንድም ቃል አላሳነሱም፣ አንድም ምክንያት አልጨመሩም። ልጅቷ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ሰማች። ሲጨርሱ ፊቷ ገርጥቷል።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት» አለች። «እናቴ ያኔ ገና ወጣት ነበረች።»

ዞራ ወጣች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኢንስፔክተሯም ልጅቷ ላትመለስ የሄደች መሰላት፤ አልፈረደችባትም።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ልጅቷ ከነቦርሳዋ ተመልሳ ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የጸና ነው። «ኢንስፔክተር፣ ደብዳቤውን አንዴ ያሳዩኝ።»

ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ማኅተሙ ላይ ቆየች። ቅዳሜ ጉድጓድ የሚለውን ቃል ካየች በኋላ ሌላ ነገር አላየችም ነበር።

«ሃያ አራት ላይ ገቢ ሆኗል። ዳይሬክተሩ ተቀብሎታል።» ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን የፍርድ ቤት ግልባጭ አወጣች፤ ገጹን ለመፈለግ እንኳ አልተቸገረችም። «አያቴ የተከሰሰችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ምስክር ሆኖ ቀርቧል። ምሎ የተናገረው ይኸውና፦ ‘ስለ ውሃው የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ የለም።’»



«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?» በቀኝ ጆሯቸው በኩል መጣች። «ተማሪዎቹ ሲሞቱ ደብዳቤው አባትዎ ጋ ነበር። እሱን አልሰርዘውም።»

«አትሰርዢ።»

«አያቴ ስትታሰር ግን አባትዎ ጋ አልነበረም። በዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አያቴን ያሳሰራት እሱ ነው። እሱንም እጽፈዋለሁ። እርስዎ ሠላሳ ስድስት ዓመት መደበቅዎንም እጽፋለሁ። ይቅር ብያለሁ አልልም፤ እሱን እናቴ ትወስን።»

ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን የሚጎድለኝ አንድ ነገር ነው» አለች ልጅቷ። «ደብዳቤው ለምን ሃያ አንድ ቀን እንደቆየ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው የቀረው።»

ኢንስፔክተሯ ከወንበሯ ተነሳች። ልጅቷ ተቀመጠችበት። ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋ ትራሱ ላይ አኖረች፤ ቀኑንና ሰዓቱን ተናገረች።

«ያኔ ስድስት ዓመትዎ ነበር። ራስዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። በኋላ የሰሙትን ለብቻው እንይዘዋለን።»

ጋሼ መዝገብ ፊታቸውን ወደ ስልኩ መለሱ። ሳጅኑ በሩን በቀስታ ገርበብ አደረገው።

«አባቴ ወንበር አልነበረውም፤ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጠው» አሉ። «ደብዳቤ የሚያደርስበት የቆዳ ቦርሳው አልጋዬ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። ዘለበቱ ያብለጨልጫል። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ የማየው እሱን ነበር።»